የዘርፈሽዋል ጆሮ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ለማጅ የሚያስፈራ ፍጡር የለም። ሙሉ የተማረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ጨርሶ ያልተማረው፣ እንደ እኔ ያለው፣ ነገሩን ከነሥሩ ያውቀዋል። ጉዱ መሀል ላይ ያለው ነው! ትናንት መርፌ መውጋት የጀመረ ዛሬ የጎረቤቱን ክንድ በዓይኑ ይለካል። ትናንት ሕግ መማር የጀመረ ዛሬ ከሚስቱ ጋር በአንቀጽ ይጣላል። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። ለእኛ ለሮም አበሾች እግዜር የሰጠን ክብርት እመቤት ዘርፈሽዋልን ነበር። እሷ ደግሞ የምትለማመደው በሰው ክንድ አልነበረም፤ ሰው ሆዱ ውስጥ በደበቀው ነገር ነው።

ለማጅ ስል ዝም ብዬ አይደለም። እኔ ፀሐዬ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጭነት መኪና ከነሙሉ ጭነቱ ይዤ ጣርማ በርን በጭጋግ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ መኪና እንደ ዛሬው በጣት የሚነዳ እንዳይመስላችሁ፤ በትከሻ ነው! ደሴ ላይ አንድ ጣሊያን መካኒክ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ፀሐዬ፣ አንተ ሞተር በጆሮህ ነው የምታክመው" ብሎኛል። ስንቱን ለማጅ ከገደል አፋፍ መልሻለሁ። ዘርፈሽዋልን ግን አልቻልኳትም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

አሎራ፣ እንግዲህ ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግድም ነው። አገር ቤት ደርግ ነው፤ እኛ ሮም ነን። ሴቶቹ በየሲኞራው ቤት ሠራተኛ ናቸው። እኔ ኤስኲሊኖ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ትልቅ ፎቅ ፖርቲናዮ ነኝ። በር ጠባቂ ነህ የሚል ይበል፤ እኔ ግን የፎቁ ሚኒስትር ነበርኩ። ቁልፉም በእኔ፣ ወሬውም በእኔ። ሴቶቹ የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ቅዱስ እስጢፋኖስ እንሄዳለን፣ ሐሙስ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ እንሰበሰባለን። መሳቅም ማልቀስም የሚቻለው በእነዚያ ቀኖች ነው። በሌላው ቀን የሚያለቅስ ሰው ለሲኞራዋ ሳህን ይሰብራል።

ዘርፈሽዋልም ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ብድግ ብላ ለሲኞራዋ "ነርስነት ልማር ነው" አለቻት። ሲኞራዋ ደንግጣ "ታዲያ ቤቱን ማን ይጠርግልኛል?" ብትላት፣ "ሲኞራ፣ መጥረጊያው እዚያ ጥግ ነው ያለው" ብላት ወጣች። መነኮሳት የሚያስተምሩበት፣ ማደሪያም ያለው ስኮላ ገባች። የመጀመሪያውን ዓመት ደስ ብሎን አሳለፍነው። ደም ግፊታችንን ትለካለች፣ ቁስላችንን ትጠቀልላለች። እኔም ያልታመምኩትን ሁሉ አሳየኋት። በሁለተኛው ዓመት ግን ፒሲኮሎጂያ የሚባል ነገር አስተማሯት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም።

"ጋሼ፣" አለችኝ አንድ ሐሙስ፣ "ነርስ ማለት የሚታየውን ቁስል ብቻ የምታይ አይደለችም። በሽተኛው ሲናገር አታቋርጪ፣ አትምከሪ፣ አትፍረጂ፣ ዝም ብለሽ ስሚ ነው የሚሉን።"

"ሳይመክሩ፣ ሳይፈርዱ፣ ሳያቋርጡ?" አልኳት። "ታዲያ ከጨዋታ ምን ቀረ?"

አልሳቀችም። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አነባበረች፣ እነዚያን ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ተከለችና፣ "እየሰማሁዎት ነው፣ ይቀጥሉ" አለችኝ። የዚያን ቀን ነው ያ አንገት የተወለደው። ከዚያ በኋላ ሮም ውስጥ ከዚያ አንገት ያመለጠ አበሻ የለም።

እኔ ደግሞ ወሬ የማውቅ ሰው ነኝ። ጨው ጭኜ ስወርድ ፍሬኔ የተበጠሰበትን ቀን ሳወራ፣ ጎልማሳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማኝ። ለእሷም አወራኋት።

"ፍሬኑ እምቢ አለ። ከኋላዬ ያ ሁሉ ጨው፣ ከፊቴ ገደል!"

"እና ያኔ ምን ተሰማዎት?"

"ምን ይሰማኛል! ማርሽ ቀነስኩ እንጂ!"

"አልፈሩም?"

"ለመፍራት ጊዜ የት አለኝ?"

"አሁንስ?" አለች፣ አንገቷን እንዳዘነበለች። "አሁን እኮ ጊዜ አለዎት።"

ይኼ ጥያቄ ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ያወራሁት ወሬ፣ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ የሚጨበጨብለት፣ እሷ ዘንድ ሲደርስ ፍሬኑ ሁለተኛ ተበጠሰ። ተነስቼ ሄድኩ።

እኔ ብቻ መሰልኳችሁ? አውቶቡስ ውስጥ ትኬት የሚያየው ኮንትሮሎሬ ጮኸባት። ሌላው ሰው ቢሆን ይጮኽበታል ወይም ይወርዳል። እሷ አንገቷን አዘንብላ "ዛሬ ከቤት ስትወጣ የሆነ ነገር ነበር?" አለችው። ሰውዬው አጠገቧ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ስለ አማቱ ሲያወራ፣ ያን ቀን ያለ ትኬት የተሳፈረው ሁሉ እየመረቃት ወረደ። ኦስቲያ ባሕር ልናሳያት ብንወስዳት፣ ዣንጥላ የሚያከራየውን ጎረምሳ አስለቅሳው መጣች። አባ ኪዳነ ደግሞ ንስሐ ሊያናዝዟት ገብተው፣ ራሳቸው ተናዝዘው ወጡ አሉ። እኔ አላየሁም፤ ግን ከወጡ በኋላ ፊታቸው እንደ ታጠበ ሰው ነበር።

ወይዘሮ ቅድሳን፣ የሴቶቹ አለቃ፣ ድምፃቸው ከአደባባዩ ማዶ የሚሰማው፣ "ይቺ ልጅ ዓይኗን ስትተክልብኝ የሰረቅሁት ነገር ያለ ይመስለኛል" ይሉ ነበር። እኛም ሊቀ ጆሮ ዘርፈሽዋል አልናት። ሰማችን። እሷ ምኑን ሳትሰማ!

አሁን ትንሽ ስለ መርዶ ላውራ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም።

በሮም ከተማ መርዶ ነጋሪ እኔ ነበርኩ። ሹመቱን ማንም አልሰጠኝም፤ በችሎታ ነው የያዝኩት። መርዶ እንደ ደብዳቤ ዝም ብሎ አይወረወርም። ሰው ይሰበሰባል፣ የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል፣ ከሩቅ ይጀመራል። ሌላው ነጋሪ ከሙሴ ይጀምራል፤ እኔ ከአዳም ነው የምጀምረው። አዳም ሞተ፣ ኖኅ ሞተ፣ አብርሃም ሞተ፣ ሞት ለማንም አይቀርም እያልኩ በዝግታ ስወርድ፣ ሰውየው ራሱ ደክሞት "ኧረ ጋሽ ፀሐዬ፣ ማን ነው የሞተው?" ብሎ ይለምነኛል። ያን ጊዜ ለሐዘኑ ደርሷል ማለት ነው። ስሜ ከመግነኑ የተነሳ፣ ጥቁር ኮቴን ለብሼ በመንገድ ከታየሁ ሰው ማልቀስ ይጀምራል። አንዴ ለራሴ ጫማ ልገዛ ስወጣ፣ አንዷ ከሩቅ አየችኝና ራሷን ስታ ወደቀች። ሌላ ሹመት ምን ያደርግልኛል?

ደንቡ ደግሞ ይኼ ነው። ባዕድ ቤት ለምትሠራ ሴት መርዶ በሥራ ቀን አይነገራትም። የት ታለቅሳለች? በሲኞራው ኩሽና? ስለዚህ አሠሪዎቹ ከተማውን ለቀው ባሕር እስኪወርዱ፣ የነሐሴው ዕረፍት፣ አጎስቶ፣ እስኪደርስ ድረስ ይደበቃል። ደግነት ነው፤ ሌላ አይደለም።

አሰለፈች የምትባል ልጅ ነበረችን። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ የሠራችለት ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚያመሰግናት። ሃብተማርያም የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፣ አዲስ አበባ። ጡት ብቻ አላጠባችውም እንጂ ልጇ ነው። ሮም የመጣችውም እሱ ይማርልኝ ብላ ነው። ያን ዓመት ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ወሬ ይዞ መጣ። ሃብተማርያምን በዚያ ቀይ ሽብር በተባለው ጊዜ ወስደውት ኖሯል፤ ታስሯል ሲባል የነበረው ለካ ተገድሏል። እናቱ እንኳ እንዳታለቅስ ተከልክላለች። በሯን ዘግታ፣ መሐረብ አፏ ውስጥ ጎርሳ ነው ያዘነችው አሉ።

ሽማግሌዎች ተቀመጥን። እኔ መሀል ነበርኩ። "እስከ አጎስቶ አፍ ይዘጋ" አልን። ሁሉም አፉን ዘጋ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አበሻ አፉን ሲዘጋ ፊቱ ይከፈታል።

አሰለፈች አደባባዩ ላይ ብቅ ስትል የሞቀ ጨዋታ ድርግም ይላል። ሴቶቹ አቅፈው ሲስሟት አይለቋትም። ወይዘሮ ቅድሳን ያለ ምክንያት "አይዞሽ" ይሏታል። "ምን ሆንኩና ነው አይዞሽ የሚሉኝ?" ስትል፣ "እንዲያው ነው ልጄ፣ ብርዱ" ይሏታል። በሚያዝያ! ልጅቷ መተኛት ተወች። መብላት ተወች። ሳህን ይሰበር ጀመር። ዘመኑ ደግሞ ዘመን ነው፤ ማን የኤምባሲ ጆሮ እንደሆነ፣ ማን የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ሁላችንም የገዛ ጥላችንን እየዞርን የምናይበት ጊዜ ነበር። ለሲኞራዋ "ሰዎች ስለ እኔ ያንሾካሽካሉ፣ ስደርስ ዝም ይላሉ፣ የደበቁኝ ነገር አለ" አለቻት። ሲኞራዋ ፈርታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ያን ጊዜ ጣሊያኖች "የእብድ ቤት ይዘጋ" የሚል ሕግ አውጥተው፣ በሽተኛውን ከዚያ እያወጡ በየሆስፒታሉ ትንንሽ ክፍል ከፍተውለት ነበር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። እዚያ አስተኟት። ሲጠይቋት ያንኑ ደገመችላቸው፤ "ያንሾካሽካሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ይደብቁኛል"። ያለ ምክንያት ያሳድዱኛል የሚል በሽታ ነው ብለው የጣሊያንኛ ስም ሰጡት። ክኒን ጀመሩላት። ሲኞራዋም "ከዚህ ስትወጣ ወደ አገሯ ትሳፈር፣ እኔ ኃላፊነት አልወስድም" አለች። ወደየት አገር? ወንድሟን ወደ በሉት ሰዎች እጅ፣ ያውም ሞቱን ሳታውቅ፣ እስር ቤት ስንቅ አመላልስለታለሁ ብላ!

ዘርፈሽዋል ይኼን ስትሰማ ሕፃናት ክፍል ነበር የምትለማመደው። ሄዳ ወደዚያ ክፍል ካልወሰዳችሁኝ ብላ ስኮላውን አስጨነቀች። ወሰዷት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች የፖርቲናዮ ክፍሌ ድረስ መጣች። የእኔ ክፍል አንድ ወንበርና አንድ በርጩማ ነው የሚይዘው።

"ጋሼ፣ አሰለፈች አላበደችም።"

"እኔ መች አበደች አልኩ?"

"ሆስፒታሉ ብሏል። የምትለው ሁሉ እውነት ነው እኮ! ያንሾካሽካሉ ትላለች፤ እናንሾካሽካለን። ስደርስ ዝም ይላሉ ትላለች፤ ዝም እንላለን። የደበቁኝ ነገር አለ ትላለች፤ ደብቀናታል። ጤነኛዋ እሷ ናት ጋሼ። መታከም ያለብን እኛ ነን።"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ የፎቁ ሰው ይሰማል። አጎስቶ ሲደርስ ይነገራታል።"

"እስከ አጎስቶ ያሳብዷታል።"

"ታዲያ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው እዚያ ያለሽው? ያ ጆሮሽ የት ሄደ? ስሚያት!"

እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። በርጩማዬ ላይ ቁጭ አለች። አንገቷ ቀጥ እንዳለ ነው።

"ሰማኋት" አለች። "ጠዋት ጠዋት እሰማታለሁ። ዛሬ እጄን ይዛ፣ 'አንቺም ታውቂያለሽ አይደል?' አለችኝ። 'እየሰማሁሽ ነው አሰሉ፣ ቀጥይ' አልኳት።"

"እሷስ?"

"ወደ ግድግዳው ዞረች። 'የሚሰማኝ መች አጣሁ፣ የሚነግረኝ ነው የጠፋው' አለችኝ።"

ከውጭ ትራሙ እየተንገጫገጨ አለፈ። 

ለካ ለዶክተሩ ነግራዋለች። ጢሙን ያሳደገ ወጣት ነው። "ታዲያ ለምን አትነግሯትም?" ሲላት፣ "ሽማግሌዎቹ አጎስቶ ብለዋል" አለችው። "ለሁላችንም የሚበቃ አልጋ ይኖር እንደሆነ የሚያስብ ነው የመሰለኝ" አለችኝ። ቢሆንም ሰውዬው "ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹን አምጫቸው፣ እኔም እኖራለሁ" ብሏል። ሱዎር ቴሬዛ የሚሏት መነኩሲት፣ የክፍሉ አለቃ፣ "ሌሎቹን በሽተኞች የሚረብሽ ነገር ከተፈጠረ ተማሪዋ ትጠየቃለች" ብላለች።

"ድምፅ እንድትቀንሱ ለምናለች" አለች ዘርፈሽዋል።

"የአበሻ ለቅሶ? ድምፅ ቀንሶ?" ሳቅሁ። "ከስኮላው ትባረሪያለሽ ልጄ። የመኖሪያ ፈቃድሽስ፣ ፔርሜሶሽ? በስኮላው አይደል የሚታደሰው?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እርስዎ እሺ እስኪሉኝ ከዚህ በርጩማ አልነሳም።"

አልተነሳችም! የአራተኛው ፎቅ ሲኞራ ወጣች፣ ገባች። ፖስተኛው መጣ፣ ሄደ። ምሳዬን አቀረብኩ፤ አልበላም አለች። ሽማግሌ ሳይማከር መርዶ አይነገርም ብዬ ሥርዓቱን ከላይ እስከ ታች አስረዳኋት። አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ ያ አንገት ቀስ ብሎ ዘንበል አለ።

"ጋሼ፣ መንገሩን የፈሩት ለምንድን ነው?"

"እሺ አልኩሽ! ሂጂልኝ!" አልኳት። እሺ ያልኩት ከዚያ አንገት ለመገላገል ነው፤ ሌላ ምክንያት እንዳትሰጡት።

ሐሙስ ጠዋት ሄድን። ሴቶቹ ከየሲኞራቸው ተለማምጠው መጥተዋል። ነጠላቸውን በላስቲክ ደብቀው ይዘዋል፤ ሳይነገራት እንዳታየው። ክፍሉ ነጭ ነው፣ መስኮቱ ብረት የለውም። አሰለፈች አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ኔላ የምትባል ጣሊያን አሮጊት ተኝታለች፤ ዕድሜዋን ከፈጀችበት የእብድ ቤት ያመጧት፣ ከመጣች ቃል ተንፍሳ የማታውቅ። ዶክተሩ በሩ ጋ ቆሟል። ሱዎር ቴሬዛ ቁልፏን በእጇ ጨብጣለች።

አሰለፈች መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ኮቴን አየች።

"ጋሽ ፀሐዬ" አለች። "እርስዎ ከመጡማ..."

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳምሬ የጀመርኩት የለም። "አሰለፈች ልጄ፣ አባታችን አዳም ከገነት ወጥቶ፣ ስንቱን ዘመን ኖሮ፣ ኋላም ሞተ። ኖኅም ያን ሁሉ ጥፋት አልፎ፣ መርከቡ ከተራራ አርፋለት፣ እሱም ሞተ..." አብርሃምን አለፍኩ። ይስሐቅን አለፍኩ። ልጅቷ አንሶላውን በጥፍሮቿ ጨምድዳለች፤ ዓይኗ ከአፌ ላይ አይነሳም። ዮሴፍን አለፍኩ። ኢዮብ ላይ ደረስኩ፤ ኢዮብ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ነው የምቆየው፣ ምክንያቱም ኢዮብ...

"ጋሼ፣ ይብቃ።"

ዘርፈሽዋል ናት። አልጋው ሥር ተንበርክካ የአሰለፈችን ሁለት እጆች ያዘች።

"አሰሉ" አለቻት። "ሃብተማርያም ሞቷል። ገድለውታል። ሬሳውን አልሰጡም። እናትሽ እንዳታለቅስ ተከልክላለች። እኛ የሰማነው ከጾሙ በፊት ነው፤ ሁላችንም እያወቅን ደበቅንሽ፣ እኔም ጭምር። የምታዪው ሁሉ እውነት ነው።"

እንዲህ ነው መርዶ የሚነገረው? እንደ ድንጋይ! ወይዘሮ ቅድሳን ሊሰድቧት አፋቸውን ከፈቱ። እኔም "ልጄ፣ አንድ ኢዮብ ብቻ እኮ ነው የቀረኝ" ልል ነበር።

አሰለፈች ግን ዘርፈሽዋልን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ በቀጭን ድምፅ፣ "አላበድኩማ?" አለች።

"አላበድሽም።"

"አላበድኩም" አለች ደግማ፣ ለራሷ። ከዚያ ነው የጮኸችው። "ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!" ያ ጩኸት የእሷ ብቻ አልመሰለኝም፤ አዲስ አበባ ላይ መሐረብ የጎረሰችው እናት ጩኸት ዞሮ በሮም የወጣ ነው የመሰለኝ። ወይዘሮ ቅድሳን ስድባቸውን ረስተው ለቅሶውን ተቀበሉ። ነጠላዎቹ ከላስቲክ ወጡ፣ ተዘቀዘቁ። ሙሾው ወረደ። ድምፅ ቀንሱ ያለ የት ደርሶ!

ሱዎር ቴሬዛ ወደ ውስጥ አንድ እግሯን አስገባች። "በቃ" ልትል ነው ብዬ የዘርፈሽዋልን ፔርሜሶ በልቤ ተሰናበትኩት። ይኼኔ ያቺ አሮጊት፣ ኔላ፣ ከአልጋዋ ወረደች። በባዶ እግሯ መጥታ መሀላችን ገባች። ደረቷን እየመታች "ፊሊዮ ሚዮ!" አለች። ልጄን፣ ልጄን። የየትኛው ዘመን ልጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደሞተባት፣ መርዶውን የነገራት ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላወቅንም። ዘርፈሽዋል አንድ እጇን ለአሰለፈች፣ አንድ እጇን ለእሷ ሰጠች። መነኩሲቷ ያስገባችውን እግር አላወጣችም፤ ሌላውንም አስገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ለእኛ ስትል እንደዘጋችው የገባኝ መስቀሏን ይዛ ስታለቅስ ሳያት ነው።

ምሳ ሲመጣ አሰለፈች ሾርባውን አንድ ማንኪያ ቀመሰች። "ጨው የለውም" አለች። ዶክተሩ ትርጉሙን ጠየቀ፤ ነገሩት። ከክኒኑ በላይ ያስደሰተው ይኼ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ አስወጧት። ሲኞራዋም ነገሩን ስትሰማ "ታዲያ ሰው ሞቶባታል አትሉኝም ነበር?" ብላ አዘነችና፣ ሐዘኗን ወይዘሮ ቅድሳን ቤት ተቀምጣ እንድትጨርስ ፈቅዳ ወደ ሥራዋ መለሰቻት።

ዘርፈሽዋልስ የተመሰገነች መሰላችሁ? ማኅበሩ በሙሉ አኮረፋት። "ሽማግሌ እያወራ የሚያቋርጥ ነርስ!" ተባለ። እኔም አኮረፍኩ፤ የቆሰልኩት እኔ ነኝ እኮ! ከኢዮብ ወደ ሃብተማርያም አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ። እሷ ራሷ "አታቋርጪ ነው የሚሉን" ስትል የከረመች! ይኼን አንድ ቀን ብነግራት፣ "ልክ ነዎት ጋሼ፣ እሱን ፈተና ላይም ነግሬያቸዋለሁ" አለችኝ። አለፈች ፈተናውን። ነርስ ሆነች፤ እዚያው ክፍል፣ በደመወዝ።

በሌላው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ፣ እንደ ልማዴ ወደ አደባባዩ ብቅ ስል ጨዋታው ድርግም አለ።

ጥላዬን ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ወይዘሮ ቅድሳን ጠጋ ብለው "አይዞህ ፀሐዬ" አሉኝ። "ምን ሆንኩ?" ስል "እንዲያው ነው፣ ብርዱ" አሉኝ። በሮም ሰኔ፣ በዚያ ሙቀት! እኔ ላይ? በገዛ ሙያዬ? ይኼን ፊት ለስንቱ ያስተማርኩ ሰው! አጎስቶን ሊያስጠብቁኝ ነው። ቀጥ ብዬ ትራም ተሳፈርኩና ሆስፒታሉ ሄድኩ። ዘርፈሽዋል አንሶላ እያጠፈች አገኘኋት።

"ንገሪኝ" አልኳት።

አንሶላውን አስቀመጠች። "ይቀመጡ ጋሼ።"

"ቆሜ ነው የምሰማው። እኔ ጣርማ በርን..."

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። ተንበርክካ እጄን ያዘች።

"እህትዎ አርፈዋል። ታመው፣ አልጋቸው ላይ። ልጆቻቸው አጠገባቸው ነበሩ።"

በቃ። አዳም የለ፣ ኖኅ የለ። እህቴ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ መኪና ልነዳ ስወጣ ጎማውን ሳይቀር እየሳመች የምትሸኘኝ ሴት ናት። የዚያን ቀን ፀሐዬ ዝም አለ ብዬ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ዝም አልኩ። ያቺ ልጅ ግን ዝምታዬን አላቋረጠችውም። ወዲህ ወዲያ የሚሉ ሰዎች አለፉ፤ ጥሪ ተደወለ፤ ሌላ ነርስ እንድትሄድ በዓይኗ ጠቀሰቻት። እሷ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።

ኋላ ለቅሶው መጣ፣ ከለቅሶው በኋላ ደግሞ ወሬው መጣ። ስለ እህቴ አወራኋት። ስለ ቤታችን አወራኋት። ከዚያ፣ ከየት እንደተነሳ እንጃ፣ ፍሬኑ የተበጠሰበት ቀን መጣ፤ ጨው፣ ጭጋግ፣ ገደል። ያ አንገት ቀስ ብሎ ዘንበል አለ።

"እና ያኔ ምን ተሰማዎት?"

ጊዜ ነበረኝ። መለስኩላት።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ግን እናንተ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። እናንተማ መሀል ላይ ታቋርጡኛላችሁ።